ቱቲ ደሴት፦ ጎርፉ ቢቀር ለገበሬው ደግ ነው ወይስ ክፉ?

የጅሬፍ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ካርቱም የኖራችሁ እዚህ ስለማትጠፉ አንድ ክርክር ይዤ መጥቻለሁ።

ቱቲን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወገን ካርቱም፣ በሌላው ኦምዱርማን፣ ከማዶ ባሕሪ አለ። ሦስት ከተማ ከቧት እሷ መሀል ላይ እርሻ ናት። ሎሚ፣ ማንጎ፣ ባሚያ፣ ጀርጂር፣ ለከብት የሚሆን በርሲም ይበቅልባታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ድልድይ እስኪከፈት ድረስ የሚገባው በጀልባ ነበር። ነዋሪዎቹ መሐስ ይባላሉ። ከሰሜን፣ ከኑቢያ የመጡ ናቸው። ካርቱም ከተማ ሳትቆረቆር በፊት እነሱ እዚያ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት እኛ ጋ ሲዘንብ እነሱ ጋ ወንዙ ይሞላል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ የላቸውም። ውሃው ሲወርድ ደግሞ ጥሎት በሄደው ጥቁር ደለል ላይ ይዘራሉ። ማዳበሪያ የለ፣ መስኖ የለ። መሬቱን «ጀርፍ» ይሉታል።

አሁን ግድባችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አንድ ሱዳናዊ ወዳጄ ጋር ተቀምጠን «ከእንግዲህ ጎርፉ ተገላገላችሁ» ስለው ሳቀ። አጎቱ ገበሬ ናቸው። «ቤቴን ታተርፉልኝ ይሆናል፣ ጀርፌን ግን ወሰዳችሁት» ይላሉ አለኝ። እኔ ነገሩ ገርሞኝ ቀረ። እውነት አላቸው? የሚያውቅ ይንገረን።

ማሚቱ ዘዴም

እኔ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነበርኩ፣ ሻይ እየሸጥኩ። ስለ ግድቡ አላውቅም። የቱቲ ጀርጂር፣ ያ የሚያቃጥለው የሰላጣ ቅጠል ግን! በሎሚ እሽት አድርገህ ከፉል ጋር። እዚህ አዲስ አበባ የሚሸጡት ጀርጂር ስሙ ብቻ ነው፣ አያቃጥልም። ቀጥሉ፣ እያነበብኩ ነው።

ብንት ቱቲ

አባቴ የቱቲ ሰው ነው፣ እናቴ ጎንደሬ ናት። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነኝ። የጅሬፍ ልጅ፣ የወዳጅህ አጎት እውነታቸውን ነው። ግን መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለም፣ እሱን ለይቶ ማየት ይፈልጋል።

ከላይ ያለው፣ ማለትም መንደሩና የፍራፍሬው ቦታ፣ በደህና ዓመት ውሃ አይደርስበትም። ድሮ በሬ የሚያዞረው ሳግያ ነበር ውሃ የሚያወጣለት። ኋላ የናፍጣ ፓምፕ መጣ። ሎሚው፣ ማንጎው፣ በርሲሙ እዚያ ነው። ጀርፉ ከዚያ በታች፣ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቀው ነው። በደሚራ፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት፣ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል። ከመስከረም በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ሲወርድ ገበሬው ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ይዘራል። ከላይ ያለው ረድፍ ሲበቅል የታችኛው ገና ጭቃ ነው።

አያቴ ሲዘሩ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን በተረከዛቸው ይጫኑታል። ዱካው ውሃ ከቋጠረ «ገና ነው» ብለው ይመለሳሉ። ዱካው ደረቅ ሆኖ ቅርጹን ከያዘ ያን ቀን ነው ዘሩ። ትንሽ ከዘገዩ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ያኔ አበቃ። ሰሉካ የሚባል የመቆፈሪያ እንጨት አለ። በእግር ይረገጣል፣ ቀዳዳ ያወጣል። አንዱ ሰው ቀዳዳውን እያወጣ ይሄዳል፣ ሌላው ሁለት ሦስት ፍሬ ሉቢያ (አደንጓሬ መሳይ ጥራጥሬ) ጣል እያደረገ በእግሩ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ አንድ ጣሳ ውሃ አያጠጡትም። ሥሩ እርጥበቱን እያሳደደ ወደ ታች ይወርዳል። ዱባ፣ ኪያር፣ ሉቢያ፣ በቆሎ በዚህ መንገድ ነው የሚያድገው።

እና ጎርፍ ማለት ለኛ ጠላት ብቻ አይደለም። ጀርፉን ካልሸፈነው ዓመቱ መጥፎ ነው። መንደሩ ከገባም መጥፎ ነው። በዚህና በዚያ መሀል ያለችው ልክ ናት የምትፈለገው።

ለዚህ ነው ታያ የምንለው የጎርፍ ጥበቃ ያለው። ደሚራ ሲገባ በደሴቷ ዙሪያ የጥበቃ ቦታዎች ይቆማሉ፣ ሁሉም ሰፈር የራሱ አለው። ወጣቱ በፈረቃ ያድራል። ውሃው ዳር እንጨት ይተከልና በየጊዜው በባትሪ ይታያል። ውሃው ምልክቱን ካለፈ መስጊድ ይነገራል፣ በድምጽ ማጉያ ይለፈፋል። ያኔ ቤቱ የሚቀር የለም። ጆንያ፣ አካፋ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የተገኘው ሁሉ ይመጣል። ሴቶች ሻይና ምግብ ያደርሳሉ። እኛ ነፊር እንለዋለን፣ የእናቴ ሰዎች ደቦ የሚሉት ነው። የ1946ቱ ጎርፍ እስከ ዛሬ ይተረካል። 1988 መጣ፣ ታያ ወጣ። 2020 መጣ፣ ታያ ወጣ። በ2020 ግን ለሁሉም ቤት አልተረፈም፣ አንዳንዱ ሰፈር ገብቷል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

መንግሥት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ጆንያው ተደርድሮ አልቆ ነው። ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ውሃ ልክ

እህቴ ብንት ቱቲ፣ አመሰግናለሁ። እኔ በሙያዬ ውሃ መሐንዲስ ነኝ፣ ከወረቀቱ ወገን ያለውን ልጨምር።

ካርቱም ላይ የሚሆነው ነገር የሚገርም ነው። በበጋ ጥቁር ዓባይ ይሳሳል፣ ነጩ ነው የሚበዛው። ክረምት ሲመጣ ጥቁሩ በኃይል ይመጣና ነጩን ወደ ኋላ ያቆመዋል። ነጩ እስኪያልፍለት ይተኛል። ቱቲ የተቀመጠችው እዚህ ግፊያ መሀል ነው። በ2020 ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሲደርስ የ1946ንም የ1988ንም አልፎ ነበር። ሱዳን የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀችው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ደለሉ። ጥቁር ዓባይ ከኛ ደጋ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ይዞ ይወርድ ነበር። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን አየን እንጂ ማሳችንን መሆኑን አላየንም። ሱዳኖች በዚህ ደለል ሁለት ነገር ሆነዋል። ጀርፉ ጠገበ፣ ግድቦቻቸው ግን ታመሙ። ሰናር እ.ኤ.አ. በ1925፣ ሮሴሬስ በ1966 የተሠሩ ናቸው። ሮሴሬስ ከመጀመሪያ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ደለል በልቶበት በ2013 ከፍታውን ጨምረውለታል።

«ታዲያ እነሱም ግድብ ካላቸው ደለሉ እስከ ካርቱም እንዴት ይደርስ ነበር?» የሚል ይኖራል። ጎርፉ ሲበረታ በሩን ከፍተው ስለሚያሳልፉት ነው። የሚሞሉት ውሃው ትንሽ ጠራ ሲል ነው። የኛ ግድብ ግን በጣም ትልቅ ስለሆነ አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ስለዚህ ለቱቲ ገበሬ የሚመጣው ለውጥ ይሄ ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ይሆናል። በክረምት እንደ ድሮው አይወጣም፣ በበጋ እንደ ድሮው አይወርድም። የጀርፉ ስፋት ይጠባል። የሚሰምጠውም ቢሆን የሚያገኘው ደለል ትንሽ ነው። በምትኩ ፓምፕ ያለው ሰው ውሃ ሁልጊዜ ቅርቡ ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ማምረት ይችላል። ግን ናፍጣ ይገዛል፣ ማዳበሪያ ይገዛል። ወንዙ በነጻ ያደርስለት የነበረውን ከሱቅ ይሸምታል ማለት ነው።

ሌላው፣ ደለሉን የጣለ ውሃ ዳርቻ የመቁረስ ኃይሉ ይጨምራል። ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ብንት ቱቲ

ዳርቻውን ስታነሳ ልቤን ነካኸው። ወንዙ ሁሌም በአንድ ወገን ይቆርሳል፣ በሌላው ይጨምራል። አባቴ ልጅ ሆኖ የወጣበት ዛፍ የነበረበት ቦታ ዛሬ ውሃ ነው። ደለል ካልመጣ የሚጨምረው ወገን በምን ይጨምራል?

ሉዓላዊ

ይሄ ክር ወዴት እየሄደ ነው? ግድቡን ለማጣጣል ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ለዘመናት አፈራችንን ሲያርሱ ዝም አልን። አሁን አፈራችን እኛ ጋ ሲቀር ይለቀስልን?

የጅሬፍ ልጅ

ሉዓላዊ ወንድሜ፣ ረጋ በል። መጋቢት 2003 መሠረቱ ሲጣል ካርቱም ሆኜ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ። የአንድ ገበሬ ማሳ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ግድብ ማጣጣል ከሆነ እንግዲህ ምን ቀረን።

ውሃ ልክ

ደግሞ አፈሩ «እኛ ጋ ቀረ» የሚባለው ግድቡ ውስጥ ነው የቀረው ወንድሜ። ጎጃም ማሳ ላይ አልተመለሰም። እርከን ካልሠራን ደለሉ ለኛም ተርባይን ጠላት ነው።

አንድ ነገር ላክል። «ጎርፍ ከእንግዲህ የለም» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ካርቱም ላይ የሚዘንብ ዝናብ ራሱን የቻለ ጎርፍ ነው፣ በ1988 ያየነው ነው። ግድብም ሲሞላ የሚገባውን ያህል ማሳለፉ አይቀርም። በመስከረም 2018 ሱዳን ውስጥ ውሃ ሲሞላ ማን ለቀቀ ማን አልለቀቀ ተብሎ ስንት ተባለ። ወደዚያ ጭቅጭቅ አልገባም። ዋናው፣ ላይ ያለው ሰው ስንት እንደሚለቅ ታች ያለው ቀድሞ ማወቅ አለበት። ታያ ዱላ ተክሎ የሚያየው ከደጁ ያለውን ውሃ ብቻ ነው።

ፎገሬው

እኔ ደግሞ ካርቱምን አላውቅም፣ ግን ያወራችሁት ሁሉ የኔ ሰፈር ነው። እኛ ጋ ባሕር ሸሽ ይባላል። ጣና ሲሸሽ የሚተወው መሬት። ፎገራም ደንቢያም ሰው ውሃውን እየተከተለ ይዘራል። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ነው። ከብት ወደ ከፍታው ይነዳል፣ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ እናድራለን። ድሮ በዚያ ውሃ ምን እንደሚሠራ ስለማይታወቅ ሰው ያማርር ነበር። ሩዝ ከመጣ በኋላ ነው ውሃው ሀብት የሆነው። ሩዙ ሳይታጨድ ጓያ ውስጡ ይዘራል፣ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። ልክ እንደ እህታችን ሉቢያ።

አንድ ችግር ግን አለ። ባሕር ሸሽ የማንም ስላልሆነ ጠብ አያጣውም። ዘንድሮ የሸሸው ለከርሞ ተመልሶ ይመጣል፣ ድንበሩ ይጠፋል። ቱቲ እንዴት ነው የምትለዩት?

ደግሞ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኛ ዘሩን ሁሉ ባሕር ሸሹ ላይ አንጨርስም፣ ከፍታው ላይ ጤፍ እናስቀራለን። ውሃ ቶሎ ከመጣ የሚበላ አይጠፋም።

ብንት ቱቲ

ፎገሬው፣ ጠብ የሌለበት መሬት የት አለ! ከላይ ያለው መሬት የማን እንደሆነ ይታወቃል። ጀርፉ በአብዛኛው የሱን ድንበር ወደ ታች ተከትሎ ይሄዳል። ከዛፍ እስከ ዛፍ ዓይን ይለካና ወደ ወንዙ ይሰመራል። አዲስ የተደፋ አሸዋ ሲመጣ ነው ሽማግሌ የሚቀመጠው። እሱም አንዳንዴ ከደሚራው ይረዝማል።

ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጠብ መጣ። መሬቱ ዋጋ አወጣ። ሎሚውን ነቅሎ ቤት የሠራ ብዙ ነው። ጎርፍ ያላጠፋውን እርሻ ድልድዩ ቀንሶታል ብል አልተሳሳትኩም። የታመመ ሰው በሌሊት ሆስፒታል ስለሚደርስበት ግን ድልድዩን የሚጠላ የለም።

ቆላ ያለ መምህር

ሰዎች፣ ጎርፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ካርቱም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ኦሞራቴ አስተምሬአለሁ። ዳሰነቾችን ጠይቁ።

ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ሳይገባ በፊት ተበታትኖ ብዙ ቦታ ይከፈላል። በቅርንጫፎቹ መሀል ያሉት መሬቶች ደሴት ናቸው። ዳሰነች ከብት አርቢ ነው፣ ግን ማሽላው ከዚያ ወንዝ ዳር ነበር የሚመጣው። ሙላቱ ያልፋል፣ ጭቃው ይቀራል፣ በእንጨት እየወጉ ይዘራሉ። ማሽላው ሲያሸት ማሳው መሀል ማማ ይሠራል። ልጆች ጠዋት ወጥተው ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ፣ በወንጭፍ ጭቃ ይወረውራሉ። ትምህርት ቤት ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው፣ እኔም መቆጣት ትቼ ነበር። ከብቱ ያለቀበት ሰው ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ይሆናል። ግንድ የተፈለፈለ ጀልባ አለው፣ አዞ እያለ ይገባል።

ነሐሴ 1998 (ዓመቶቹን በኛ ነው የምጠራው) ወንዙ ከልኩ አልፎ መጣና ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ደሴቶቹ ላይ የነበረው ሰው መሸሻ አልነበረውም። ታያ የመሰለ ነገር ቢኖር ብዬ ዛሬ ሳነብ አሰብኩ።

ከዚያ ግልገል ጊቤ 3 መጣ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ። በ2009 ተመረቀ። ዓመታዊው ሙላት ቀረ። ለእርሻው ሲባል በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ሙላት ይለቀቃል የሚል ዕቅድ ነበረ፣ ሰው ግን የለመደውን ውሃ አላየም። ወንዝ ዳር የሚዘራው መሬት አነሰ። ፓምፕ ተሰጠ። ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫ የለም፣ ሲሠራ ናፍጣ የለም። ቆሞ ዝጎ ያየሁት አለ።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ማንም አልጠበቀውም። ቱርካና ሐይቅ ከፍ አለና ውሃው ከታች ወደ ላይ መጣ። በ2016 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። መንደሩ፣ ግጦሹ ውሃ ውስጥ ገባ። የሚዘሩበት ሙላት ቀረባቸው፣ የሚያፈናቅለው መጣባቸው። ይሄ ውሃ ደግሞ እንደ ድሮው መጥቶ የሚሄድ አይደለም፣ ተኝቶ ይቀራል። ጭቃ ትቶ ካልሸሸ ምን ላይ ይዘራል?

ግድብ አይሠራ አላልኩም፣ ሉዓላዊ እንዳትመጣብኝ። ግን ፓምፕ ሰጥተው ሲሄዱ «ተተካላቸው» ተብሎ ይጻፋል። እዚያ ያለው ሰው ዘሩን የሚያውቀው በተረከዙ ነው፣ ሞተር አያውቅም።

ሉዓላዊ

አልመጣብህም ጋሼ። የኦሞውን አላውቅም ነበር።

ማሚቱ ዘዴም

ብንት ቱቲ፣ ጦርነቱ ጊዜ ደሴቲቱ እንዴት ሆነች? ደንበኞቼ ነበሩ ከዚያ የሚመጡ።

ብንት ቱቲ

እማማ፣ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲጀመር መውጫዋ ያ አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ታጣቂዎች ድልድዩን ያዙት፣ ደሴቷ ተዘጋች። ዱቄት መግባት አቃተው፣ መድኃኒትም። ዘመዶቼ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ላይ ያቆያቸው ጓሮው ነው። መሉኪያና ሪጅላ የሚባሉት ቅጠሎች፣ ከወንዙ ዓሣ። በኋላ ግን ወደ ወንዙ መውረድም አስፈራ። የቀረው ሰው ወጣ። ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው።

አጎቴ ተመልሶ ነበር። ፓምፑ ተዘርፏል፣ የመብራት ሽቦው ሁሉ ተነቅሏል። የላይኛው ማሳ ያለ ፓምፕ ምንም አይሠራም፣ የሎሚው ዛፍ ደርቋል። ፓምፕ የማይፈልገው ጀርፉ ብቻ ነው። እሱን ነው የዘራው። ስለዚህ ውሃ ልክ «በምትኩ ፓምፕ» ስትል ገባኝ፣ ትክክል ነህ፣ ግን ፓምፕ ይሰረቃል።

ውሃ ልክ

እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

የጅሬፍ ልጅ

እኔ የጠበቅሁት አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ነበር፣ ይኸው የት አደረሳችሁኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ጡቡስ? ካርቱም፣ ጅሬፍ ሰፈር እያለሁ ወንዝ ዳር ዳሩን የጡብ ምድጃ ነበር፣ ጭሱ አያስተኛንም።

ብንት ቱቲ

ምድጃዎቹን ከማይን እንላቸዋለን። ጡብ ሠሪዎቹም የሚኖሩት በደለሉ ነው። ጭቃውን ከዳር ይቆፍራሉ፣ ከፍግ ጋር ያቦካሉ፣ በቅርጽ ጥለው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ ተከምሮ በእንጨት ይቃጠላል። የቆፈሩትን ጉድጓድ ደሚራው ሲመጣ ይሞላላቸው ነበር። ደለል ካልመጣ ጉድጓዱ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚቆፈረው የእርሻ አፈር ነው። ገበሬና ጡብ ሠሪ ድሮም አይዋደዱም።

ፎገሬው

እህቴ፣ አንድ የግል ጥያቄ። ያንን የሉቢያ ዘር በምን ያህል ርቀት ነው የምትተክሉት? ከሩዙ በኋላ ጥግ ላይ ልሞክረው አስቤ ነው።

ብንት ቱቲ

አንድ እርምጃ። ዱባ ከሆነ ሦስት እርምጃ ስጠው፣ ይሳባል። መጀመሪያ ከፍ ካለው ጀምር፣ ውሃ ዳር ያለውን መጨረሻ ዝራ። ዘሩን ማታ ነክረህ አሳድረው። ፍየል ካለ ደግሞ እሾህ እጠርበት፣ የኛ ሉቢያ የሚያልቀው ከወንዙ ይልቅ በፍየል ነው።